ስፌቱን ወደ ውጭ የሚያወጣው ልብስ ሰፊ

የከድር ሚስት ዘምዘም ደውላ «ታሜ፣ ከድር የለም» ስትለኝ ከቤት ወጥቶ የቀረ መስሎኝ «የት ሄደ?» አልኳት። ከኋላዋ የሴቶች ለቅሶ ሲሰማኝ ነው የገባኝ። ከመደወሏ በፊት ባለው ቀን ጠዋት ስፌት ማሽኑ ላይ እንደተቀመጠ አንገቱን ደፋ፤ ሐኪም ቤት ሳይደርስ አለፈ፤ በዚያው ቀን ተቀበረ። እኔ ሳሪስ ሆኜ የሰው በር ስበይድ ነበር የዋልኩት።

«ኢክራምስ?» አልኳት።

«አራተኛ ፎቅ ጎረቤት ጋ ናት። ጩኸቱን አልቻለችውም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ታሜ፣ ወንድሞቹ ከወራቤ መጥተዋል። ሦስቱ ቀን ሲያልፍ ልጅቷን ይዘናት እንሄዳለን እያሉ ነው። መድኃኒቱ ይቅር፣ እኛ የምናውቀው ሰው አለ፣ እሱ ያድናታል ይላሉ። እኔን አይሰሙኝም። ከድር ስለ አንተ ሲያወራ ስለሰሙ አንተን ያውቁሃል። እባክህ ና።»

ሥራዬን እንዳለ ትቼ ታክሲ ያዝኩ። መንገዱ ቃሊቲ ላይ እንደ ልማዱ በከባድ መኪና ተዘግቶ ነበር። በመስኮቱ እያየሁ ስለ ከድር አስብ ነበር።

ከድርን ያወቅኩት በጥል ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ካሉት ሱቆች አንዱን ተከራይቼ የበርና መስኮት ሥራ ጀመርኩ። ከግድግዳው ወዲያ ልብስ ሰፊ ነበር። በሁለተኛው ቀን ላሜራ በግራይንደር ስቆርጥ አንድ ቀጭን ሰው፣ ሜትር አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ሁለት ስፒል በከንፈሩ ይዞ በሬ ላይ ቆመ። ማሽኑን እስካጠፋ ጠበቀ። ሳጠፋው ስፒሎቹን ከአፉ አውጥቶ ኮሌታው ላይ ሰካና፣

«ጎረቤት፣ ልጄን ድምፁ እያመማት ነው» አለኝ።

«እኔ ደግሞ በዚህ ነው እንጀራዬን የምበላው።»

«አቁም አላልኩህም። ከመጀመርህ በፊት ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ምታልኝ። ጆሮዋን የምትሸፍንበት ጊዜ ስጣት።»

ሳቅሁበት። አልተቆጣም። «ድምፅም እንግዳ ነው ወንድሜ» አለ። «ሳያንኳኳ አይገባም።» ብሎኝ ሄደ።

ሰውዬው ጤና የሌለው መሰለኝ። ግን ሳቄ ራሴን ስላሳፈረኝ ጥቂት ቆይቼ ሱቁ ገባሁ። ጨርቅ የሚቆርጥበት ጠረጴዛ ሥር፣ በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ፣ አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትወዛወዛለች። ግራይንደሩ ከጠፋ አሥር ደቂቃ አልፎታል፤ ለእሷ ግን ገና አልጠፋም። ቀሚሷ ላይ ክሩና ስፌቱ በውጭ በኩል ይታያል።

«ገልብጠህ ነው ያለበስካት» አልኩት፣ የምለው ሲጠፋኝ።

«አይደለም። እንዲህ ነው የተሰፋው። ስፌት እሷን እንደ እሾህ ነው የሚወጋት። እኔ ደግሞ የምሰፋው ለሚያያት ሳይሆን ለምትለብሰው ነው።»

ከዚያ ሌላውንም ነገረኝ። የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ያስለቅሳታል። ነጭ አምፑል ዓይኗን ያማታል። ሰው ድንገት ከነካት ትጮኻለች፤ አጥብቆ ካቀፋት ግን ትረጋጋለች። ሁለት ዓመት ሲሞላት ደግሞ መውደቅ ጀመረች። «የሚጥል በሽታ ነው» አለኝ። እዚያ ሰፈር ይህን ስም ጮክ ብሎ የሚጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም ነበር። «ያ ነገር» ነው የሚባለው። እሱ ግን የኮት ቁጥር እንደሚናገር ነው የተናገረው። ዘምዘም ቃሊቲ የክር ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ስለምትሠራ ልጅቷ የምትውለው ከእሱ ጋር ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግድግዳውን እመታ ነበር። ሁልጊዜ ማለቴ አይደለም። ወደዚያ እመጣለሁ።

ስትወድቅ መጀመሪያ ያየኋት በአንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ነው። እጇ ላይ የነበረው ብስኩት ወደቀ፤ ዓይኗ ወደ ላይ ዞረ፤ መላ አካሏ ደረቀና ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰው እንዴት ያን ያህል ቶሎ እንደሚሰበሰብ እንጃ። አንዱ «ማንኪያ! ጥርሷ መሃል ማንኪያ አስገቡ!» ይላል። ሌላው «አትንኳት፣ ይተላለፋል» ብሎ ልጆቹን ይጎትታል። አንዲት ሴት ክብሪት ጭራ እያጨሰች ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋው ከድር እጇን ያዘው።

«አጥፊው።»

«ልታድናት ነው ወይስ ልትገድላት? ክብሪት ነው የሚያነቃት!»

«እትዬ፣ አንቺ ብትወድቂ ሰው እሳት ቢያስጠጋብሽ ትወጃለሽ? አጥፊው።» አልጮኸም። ከድር ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም፤ ነገሩ ሲከፋ ድምፁ ይቀንስ ነበር። ልጅቷን በጎኗ አስተኛት፣ ጃኬቱን አጣጥፎ ከጭንቅላቷ ሥር አደረገ፣ የቀሚሷን አንገት ፈታ። ከዚያ ቀና ብሎ ሳያየኝ «ታምራት፣ ሰዓት ያዝ» አለኝ።

ስልኬን አውጥቼ ቆጠርኩ። ሁለት ደቂቃ ከምናምን ሰከንድ ነበር። በሕይወቴ ያን ያህል የረዘመ ሁለት ደቂቃ አላየሁም። ሲያበቃ ሰውነቷ ልፍስፍስ አለና እንቅልፍ ወሰዳት። እሱም ተሸክሟት ገብቶ አስተኛት፣ ማሽኑ ላይ ተቀመጠና የጀመረውን ሱሪ ሊቀጥል ክር አነሳ። ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ አለው። ደግሞ ሞከረ። ተነስቼ ክሩን ከእጁ ወስጄ አስገባሁለት።

አምስት ዓመት ሲሞላት መዋዕለ ሕፃናት ሊያስገባት ፈለገ። የመጀመሪያው በሦስተኛው ቀን መለሳት፤ ሌሎች ወላጆች ፈርተዋል ተባለ። ሁለተኛው «እዚህ ብትወድቅ ማን ይጠየቃል?» ሲለው «እኔ» አለና በእጅ የሚሰፋውን ሥራ በፌስታል ይዞ በሩ ላይ ተቀመጠ። ከጥበቃው ጋር አንድ አግዳሚ ላይ፣ ፀሐይም ዝናብም ሲሆን። ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት የሰው ሱሪ እግር እያጠፈ ይውላል። ደወሉ ሊደወል ሲል ልጅቷ ጆሮዋን እንድትሸፍን ጥበቃው አስቀድሞ ለመምህርቷ በእጁ ምልክት እንዲሰጣት አስለመደው። አንድ ሙሉ መንፈቅ እንዲህ ተቀመጠ። ደንበኞቹ ሱቁን ዝግ እያገኙት ወደ ሌላ ሄዱ። ስነግረው «ልብስ ሰፊ ሞልቷል» አለኝ። «የእሷ አባት ግን አንድ ነው።»

አሁን የእኔን ጥፋት ልናገር።

ክረምት ሊገባ ሲል ነው፤ ትምህርት ተዘግቶ ኢክራም ሱቅ ትውላለች። አንድ ደንበኛ የግቢ በሩን በዕለቱ ካልወሰድኩ ብሎ ራሴ ላይ ቆሟል። መብራት ሲጠፋ ሲመጣ ውሎ ገና መምጣቱ ነበር። ሰውዬው «ፍጠና! ደግሞ ሳይጠፋ!» ሲለኝ ግራይንደሩን አነሳሁና አበራሁት። ግድግዳውን አልመታሁም። ረስቼ ነው ብል ደስ ባለኝ። አልረሳሁም። አንድ ቀን ምን ትሆናለች ብዬ ነው።

ከብረቱ ጩኸት በላይ የመኪና ፍሬን ሰማሁ። ወጣሁ። ኢክራም ባዶ እግሯን አስፋልቱ መሃል ጆሮዋን ይዛ ቆማለች፤ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ከፊቷ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተገትሯል። ሾፌሩ መሪውን እንደጨበጠ ደርቋል። ከድር እየሮጠ ደርሶ አቀፋት፤ ወዲያው እቅፉ ውስጥ እንዳለች በሽታው ጣላት። አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ በጎኗ ያዛት። መኪናው ሁሉ ጥሩንባ ይነፋል። እኔ ዳር ቆሜያለሁ፤ መነጽሬ ግንባሬ ላይ ነው።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት በሬን ስከፍት ከድርን ቆሞ አገኘሁት።

«ከድር፣ እኔ ...»

«ቆይ። ለዘምዘም አንተ መሆንህን ነግሬያታለሁ፤ አልደበቅኩህም። አለቀሰች። ይቅር በለኝ ልትል ነው አይደል? እሱን ሌላ ጊዜ። አሁን ና፣ ስትወድቅ እንዴት እንደምትያዝ ላሳይህ። እኔ ሁልጊዜ አልኖርም።»

ወሰደኝና የታጠፈ ብርድ ልብሱን እንደ ልጅ አስተኝቶ አሳየኝ። በጎኗ። አፏ ውስጥ ምንም አይገባም። እጇን እግሯን አትጫን፤ የሚመታትን ነገር ብቻ አርቅ። ሰዓት ያዝ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ማንንም አትጠብቅ፣ ውሰዳት። ልብስ እንደሚለካ ሰው እየተጠነቀቀ፣ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ስሳሳት «እንደገና» ይለኝ ነበር። መምታት የነበረበትን ሰው አስተማረው። ቢመታኝ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በመጣው ጥቅምት መድኃኒቱ ከገበያ ጠፋ። ልጅቷ በቀን ሁለቴ፣ ጠዋትና ማታ አንድ ሰዓት ላይ የምትወስደው ሽሮፕ ነው። ሐኪሙ በአንዴ እንዳይቋረጥ ብሎ አስጠንቅቆታል። ከድር ከቃሊቲ እስከ መርካቶ ያለውን ፋርማሲ በእግሩ አዳረሰ። «የለም» «በሳምንት ሞክር» «ባለፈው ሳምንት ብትመጣ» ይሉታል። ጠርሙሱ ሥር የቀረውን ብርሃን ላይ ያዝ አድርጎ ያያል፤ ሐኪሙን በስልክ ጠይቆ መጠኑን ቀነሰ። አራት ቀን እንደዚያ ሄደ። በእነዚያ ቀናት ስፒል እንኳ በአፉ አይዝም ነበር፤ ድንገት ብትወድቅ ብሎ።

ዓርብ ቀን አንድ ዘመዱ ደውሎ ሳሪስ አንድ ጠርሙስ መገኘቱን ነገረው። «ጁምዓ ሰግጄ በዚያው አልፋለሁ። አንተ ጋ ትሁን» አለኝና ልጅቷን ሰጠኝ። ሥራ አቆምኩ። ብረት ቤቴ ውስጥ የካርቶን ቤት ሠርቼላት እየተጫወተች ነበር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሲያልፍ ካርቶኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ጎተትኳት፣ በጎኗ አስተኛኋት፣ ሰዓት ያዝኩ። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ሰው በሩ ላይ ተከመረ። «ክብሪት!» አለ አንዱ፤ «ንክች እንዳታደርጉ!» አልኩና በጀርባዬ ከለልኳት። ሦስት ደቂቃ። ከንፈሯ ጠቆረ። ለከድር ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው፤ ሶላት ላይ ነው። አራት። «ያ ረቢ» የሚል የሴት ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። አራት ከግማሽ። አይለቃትም። አምስት ሲሞላ ብድግ አድርጌ ወጣሁ።

ባጃጅ አስቆምኩ። ሾፌሩ አረፋውን አየና «ወንድሜ፣ እኔም ልጆች አሉኝ» ብሎ ነዳው። ሁለተኛው ጭራሽ አልቆመም። መንገዱ መሃል ገብቼ ወደ ቃሊቲ የሚሄድ ሚኒባስ ፊት ቆምኩ። ሾፌሩ ሊሰድበኝ አንገቱን አወጣና ልጅቷን ሲያይ ስድቡን ዋጠው። «ውረዱ!» አለ ወደ ኋላ ዞሮ። «ሁላችሁም ውረዱ፣ ጤና ጣቢያ ነው የምሄደው!» ሰዎቹ ሳያጉረመርሙ ወረዱ። አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት ብቻ ቁጭ እንዳሉ «ጭንቅላቷን ማን ይይዝልሃል?» አሉኝና ተቀበሉኝ።

ስምንት ደቂቃ። ኤንትሬው፣ ሲኖትራኩ፣ ሁሉም ተደርድሯል። ሾፌሩ ጥሩንባውን ሊነፋ ሲል «አትንፋ! ድምፅ አይሆንላትም!» ብዬ ጮህኩ። እብድ ነው ሳይለኝ አልቀረም፤ ግን አልነፋም። መብራት እያበራ በእግረኛ መንገድ ወጣ። አሥራ ሁለት። እናትየው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ይጸልያሉ። አሥራ አራት ላይ ጤና ጣቢያ ደረስን። ነርሷ መርፌ ስትወጋት «ከጀመራት ስንት ሆናት?» አለችኝ። ስልኩን አሳየኋት። አሥራ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ እጇ ቀስ ብሎ ተዘረጋ።

ከድር የደረሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ ጠርሙሱን በደረቱ ይዞ፣ ጫማውን በትክክል ሳያጠልቅ። ልጅቷ ኦክስጅን ተደርጎላት ተኝታለች። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ስንት ደቂቃ?» ብሎ ነው።

«አሥራ ሰባት።»

ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱን በክንዱ ሸፈነና አለቀሰ። አላጽናናሁትም፤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ትነቃ እንደሆነ፣ ነቅታስ አባቷን ታውቀው እንደሆነ ማንም አልነገረንም። ዘምዘም ከፋብሪካ በሥራ ልብሷ እየሮጠች ደረሰች። ሦስታችን ያቺን አልጋ ስናይ አመሸን።

አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ኢክራም ዓይኗን ከፈተች። አባቷን አየችው፣ እናቷን አየቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አፍንጫዋን ጨመደደች። «ታሜ ብረት ብረት ይሸታል» አለች። «ይውጣልኝ።»

ከድር እንባው ሳይደርቅ ሳቀ። እኔም ኮሪደር ወጥቼ፣ ከሰው ፊት ዞሬ፣ የቻልኩትን ያህል አለቀስኩ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ኪራዩ ሲጨምርብኝ ወደ ሳሪስ ለቀቅኩ። በበዓል በበዓል እንጠያየቅ ነበር። ኢክራም ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል ደርሳለች። ከወደቀች ሰባት ወር ሆኗት ነበር።

ለቅሶው ቤት ስደርስ ከብሎኩ ጎን ድንኳን ተጥሏል። ዘምዘም በዓይኗ ወደ ውስጥ ጠቆመችኝ። ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ሱሩር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለት ታናናሾች በግራና በቀኛቸው። እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ስሜን ስነግራቸው ጋሽ ሱሩር «በያጁ?» አሉኝ። «ከድር ስለ አንተ አጫውቶናል።»

እንዴት እንደምጀምር ጨንቆኝ ነበር። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ዘመድ አይደለሁም፣ በሰው ለቅሶ ነው የምናገረው። «ጋሽ ሱሩር፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኩ። «ኢክራምን ሊወስዷት እንዳሰቡ ሰምቻለሁ።»

«የወንድማችን ልጅ ናት። የት ትጣል?»

«አትጣል። ግን መድኃኒቱ ከተቋረጠ ምን እንደሚሆን እኔ በእጄ ይዤ አይቻለሁ።» የዚያን ዓርብ ነገርኳቸው። ባጃጁን፣ ሚኒባሱን፣ አሥራ ሰባቱን ደቂቃ፣ ከድር ወለል ላይ መቀመጡን። አንዱ ታናሽ ወንድም ሊያቋርጠኝ ሲል ጋሽ ሱሩር እጃቸውን አነሱበት።

ስጨርስ ጋሽ ሱሩር እኔን ሳያዩ መናገር ጀመሩ።

«ከእኔ በታች አንድ ወንድም ነበረን። ሙባረክ ይባላል። እንዲሁ ይጥለው ነበር። አባታችን ሰው እንዳያየው ከጓሮ ባለች ቤት አኖረው። እኛ እንፈራው ነበር። ከድር ብቻ፣ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ በመስኮት ሾልኮ እየገባ አብሮት ይተኛል። አንድ ቀን ከድር ገበያ ተላከ። ሙባረክ ብቻውን ሳለ ጣለው፤ አጠገቡ እሳት ነበር፤ አልተረፈም።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስሙ ተጠርቶ አያውቅም። ከድርም ተናግሮ አያውቅም። ለአንተም አልነገረህም?»

«አልነገረኝም።»

«እኛ ያን ጊዜ የሚያክም መድኃኒት እንዳለ የነገረን አልነበረም። ማን ይነግረናል?» ታናናሾቹ አንገታቸውን ደፉ፤ አንደኛው ይህን ሲሰማ የመጀመሪያው መሆኑ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

ጋሽ ሱሩር ዘምዘምን ጠሯት። መጥታ ጥግ ላይ ቆመች።

«ልጄ፣ መድኃኒቱን የምትወስደው በስንት ሰዓት ነው?»

«ማታ አንድ ሰዓት ላይ ጋሼ። አሁን ለአንድ ሩብ ጉዳይ ነው።»

«እኔን ትፈራኛለች?»

«ድንገት ካልነኳት አትፈራም።»

ሽማግሌው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። ታናናሾቹ ሊደግፏቸው ሲሉ ከለከሏቸው። «ውሃ በብርጭቆ ስጪኝ» አሏት። ብርጭቆውን በአንድ እጃቸው፣ የደረጃውን ብረት በሌላው ይዘው፣ መድኃኒቱን የያዘችውን ዘምዘምን አስቀድመው ኢክራም ወዳለችበት አራተኛ ፎቅ መውጣት ጀመሩ።